የመጸው ጉዞአችን ወደ ሸናንዶአ ሸለቆ



በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ሽርሽር መጻፍ የተለመደ አይደለም። ዳሩ ግን የወጣት ክፍላችን ባለፈው ዓመት በመጸው ወራት ወደ ቨርጂኒያ ተራሮች ያደረገው የሁለት ቀን ጉዞ ብዙ ያየንበት፣ ለጥቂት ደቂቃም ክፉኛ የደነገጥንበት ስለ ሆነ፣ ደግሞም የዘንድሮው ዝግጅት አሁን ስለ ተጀመረ፣ የሆነውን ሳንሸሽግ እንድንጽፍ ታዝዘናል። ጥፋቱ የእኛ የአዘጋጆቹ ስለ ነበረ ጸሐፊዎቹም እኛው ነን።

እንደሚታወቀው በአሜሪካ የኦክቶበር ወር ሁለተኛው ሰኞ የዕረፍት ቀን ነው። ስለዚህ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ተነሥተን ሰኞ ማታ እንድንመለስ ተወሰነ። ሃያ ሦስት ነበርን። እዚሁ ሜሪላንድ ተወልደው አማርኛውን ከእኛ ጋር የሚለማመዱ ነበሩ፤ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ዓመት ያልሞላቸውም ነበሩ። ጊዜው የጽጌ ወቅት በመሆኑ ስንቁ በሁለት ተከፍሎ ተጫነ፤ ለጿሚዎቹ ሽሮ፣ ምስርና ዳቦ ቆሎ፣ ለቀሩት ቋንጣ ፍርፍር። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረት በመኪናው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተደጋገመ አልቆጠርንም።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ሃርፐርስ ፌሪ ነበረች። ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ 60 ማይል ያህል ርቃ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር፣ የሸናንዶአና የፖቶማክ ወንዞች በሚገናኙበት ጠባብ ሥፍራ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ወንዞቹ ከተገናኙበት ጫፍ ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ሦስት ክፍለ ሀገሮችን ባንድ ጊዜ ያያል። ቶማስ ጄፈርሰን በ1783 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ከኮረብታው ላይ ሆኖ ይህን አይቶ፣ ለዚህ ትርኢት ሲባል አትላንቲክን ማቋረጥ ያስቆጫል አይባልም የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። ይህ ሲነገረን አንዲት እኅታችን «እኛስ ያቋረጥነው በሌላ ምክንያት ነው» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አልን።

ከተማይቱ በታሪክ የታወቀችው በጆን ብራውን ነው። ይህ ሰው ነጭ ነበር፤ ባርነትን በጦር መሣሪያ እንጂ በቃል ብቻ ማጥፋት አይቻልም ብሎ ያመነ ነበር። በኦክቶበር 16 ቀን 1859 ዓ.ም. ሌሊት 21 ሰዎችን አስከትሎ በዚህች ከተማ የነበረውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያዘ። ከተከታዮቹ አምስቱ ጥቁሮች ነበሩ። የሚያሳዝነው ግን በዚያ ሌሊት በመጀመሪያ የወደቀው ሄይዋርድ ሼፐርድ የሚባል በባቡር ጣቢያው የሚሠራ ነጻ ጥቁር ሰው መሆኑ ነው፤ የተተኰሰበትም ከጆን ብራውን ወገን ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ነገሩ አበቃ። ብራውን በእሳት አደጋ መከላከያው ትንሽ ቤት ውስጥ ተከብቦ ተያዘ፤ ዲሴምበር 2 ቀንም ተሰቀለ። ባርነትን ያፈረሰው ጦርነት የተነሣው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው።

ያ ትንሽ የጡብ ቤት አሁንም አለ። ነገር ግን ብዙ ተንከራትቷል። በ1891 ዓ.ም. ተነቅሎ በቺካጎ ለተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ተወሰደ፤ ተመልሶም ከከተማው ውጭ በአንድ እርሻ ላይ ተተከለ፤ ከዚያም ወደ ስቶረር ኮሌጅ ግቢ ተዛወረ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጥንት ቦታው አጠገብ መጣ። ስቶረር ኮሌጅ ከባርነት ለወጡ ሰዎች በ1867 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ በ1955 ዓ.ም. የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። በ1906 ዓ.ም. በኦገስት ወር ዱ ቦይስና ጓደኞቹ የኒያግራ ንቅናቄ የተባለውን የመብት ማኅበር ስብሰባ በዚሁ ኮሌጅ ሲያደርጉ፣ አንድ ማለዳ በሰልፍ ሆነው ያን ጊዜ በእርሻው ላይ ወደ ነበረው ወደዚህ ቤት ሄዱ። ቦታውንም እንደ ቅዱስ ስፍራ ቆጥረው ጫማ አውልቀው በባዶ እግር ተጓዙ።

ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። ከቅዳሴ በወጣን በአራት ሰዓት ውስጥ፣ ጫማ ማውለቅ የእኛ ብቻ ይመስለን በነበረ በዚያ ቀን፣ የእነዚህን ሰዎች እግር ማሰብ ለብቻው ነገር ነበር። እዚህ አገር የተወለዱት ታናናሾቻችን በትምህርት ቤት ስለ ጆን ብራውን ተምረዋል፤ ስለ ባዶ እግሩ ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር። አንዱ ልጅ «እኛም እናውልቅ?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ያን ጊዜ የነበረው እዚህ ሳይሆን በእርሻው ላይ እንደ ሆነ ብንነግረውም አውልቆ ጥቂት ደቂቃ ቆመ። ድንጋዩ እጅግ ይቀዘቅዝ ነበር።

ከተማውን ለቀን ስንወጣ በአንድ ግንድ ላይ የተቀባች ነጭ ምልክት አየን። ቁመቷ አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ናት። ይህች ምልክት ከጆርጂያ እስከ ሜይን 2,190 ማይል ያህል የሚዘልቀው የአፓላቺያ የእግር መንገድ ምልክት ናት፤ መንገዱ በሃርፐርስ ፌሪ መካከል ያልፋል። በማግሥቱ በተራራው ላይ ይህችኑ ምልክት እንደገና ስናገኝ የምናውቀውን ሰው ያገኘን ያህል ደስ አለን።

ሌሊቱን ሉሬይ በምትባል የሸለቆ ከተማ አጠገብ በተከራየነው ቤት አድረን፣ ሰኞ ገና ሳይነጋ ወደ ተራራው ወጣን። ማለዳ የተነሣነው በብልኃት ነው፤ በዕረፍት ቀን ቅጠል ሊያይ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነ ከረፈደ በኋላ በመግቢያው በር ላይ የመኪናው ሰልፍ አያልቅም። በተራሮቹ ጀርባ ላይ የተዘረጋው ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ ርዝመቱ 105 ማይል ነው፤ ከ35 ማይል በላይ ማሽከርከርም አይፈቀድም፤ ደግ አድርገዋል። መንገዱ የሚያልፍበት የሸናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1935 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ ጫካ ጥንትም ጫካ የነበረ ይመስላል፤ ነገር ግን ፓርኩ ሲቋቋም ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከእርሻቸውና ከቤታቸው እንዲነሡ ተደርጓል። ዛሬም በዛፎቹ መካከል የድንጋይ ጭስ ማውጫና የመቃብር ቦታ ይገኛል። በዚሁ ፓርክ ውስጥ ሉዊስ ማውንቴን የሚባለው የማረፊያ ስፍራ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቁሮች ብቻ ተለይቶ የተመደበ ነበር፤ መለያየቱ ፈጽሞ የቀረው በ1950 ዓ.ም. ነው። ትናንት የሰማነውን ይዘን ይህን ስንሰማ ያ የባዶ እግር ሰልፍ ከተደረገ በኋላ እንኳ ስንት ዓመት እንደ ፈጀ በመኪናው ውስጥ ተቈጠረ።

የወጣነው ስቶኒ ማን ወደሚባለው ጫፍ ነው። ከፍታው 4,011 ጫማ፣ ማለትም 1,223 ሜትር ያህል ነው። ከአገር ቤት የመጡት ወንድሞቻችን ይህን ሲሰሙ አዲስ አበባ ሜዳው ላይ ቆማ የዚህን እጥፍ ያህል ከፍታ እንዳላት እያስታወሱ አሾፉ። እውነታቸውን ነው። የእግሩም መንገድ ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ብቻ ስለ ሆነ ማንንም አያደክምም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ግን ያሾፉትም ዝም አሉ። ከእግራችን ሥር ጀምሮ እስከ ሸለቆው ድረስ ተራራው በቢጫ፣ በብርቱካንና በቀይ ተሸፍኖ ነበር፤ ዝቅ ያለው ቦታ ገና አረንጓዴ ነበር። ለውጡ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ስለ ሆነ አንድ ሰው ቆሞ የሁለት ሳምንት ጊዜ ባንድ እይታ ያያል።

እዚያ ተቀምጠን ከመካከላችን ባዮሎጂ የምታጠና እኅት የቅጠሉን ነገር አስረዳችን። ትምህርቱ ለብዙዎቻችን አዲስ ስለ ነበረ እዚህ እንደግመዋለን። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባለው ነገር ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ የዛፉን ምግብ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ክሎሮፊል ዘወትር ስለሚፈርስ ዛፉ በሞቃቱ ወራት ያለማቋረጥ ይተካዋል። ቀኑ እያጠረ ሌሊቱ እየረዘመ ሲሄድ ግን መተካቱን ይተዋል፤ በቅጠሉ እጀታና በቅርንጫፉ መካከልም እንደ ቡሽ ያለ ግድግዳ እያበጀ መተላለፊያውን ቀስ በቀስ ይዘጋል። አረንጓዴው በከሰመ ጊዜ ቢጫውና ብርቱካኑ ይገለጣል። ይህ ቀለም አዲስ የመጣ አይደለም፤ ካሮትን ከሚያቀላው ቀለም ጋር የሚዛመድ ሲሆን ቅጠሉ ከወጣ ጀምሮ በአረንጓዴው ተሸፍኖ እዚያው ነበር። ቀዩ ግን ሌላ ነው። ቀዩን ዛፉ በዚህ ወቅት በቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር አዲስ ይሠራዋል። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱም ውርጭ ሳይጥል ቀዝቃዛ ሲሆን ቀዩ ይደምቃል፤ ደመናና ዝናብ ሲበዛ ይደበዝዛል። ሊሞት ለተቃረበ ቅጠል ዛፉ ይህን ያህል ለምን እንደሚደክም ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።

የወደቀውን ቅጠል ለይቶ ማወቅም ተማርን። ቱሊፕ ፖፕላርና ሂከሪ ቢጫ ይሆናሉ፤ ቀይ ሜፕልና ብላክ ገም ደም ይመስላሉ፤ ኦክ ዘግይቶ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ዛፉም ቅጠሉን ዝም ብሎ አይጥለውም፤ ከመጣሉ በፊት የሚጠቅመውን ንጥረ ነገር ወደ ግንዱ ይመልሳል። ሰፊ ቅጠል በበረዶው ወራት ቢቆይ ውኃ ያባክናል፤ በረዶውም ተጭኖበት ቅርንጫፉን ይሰብራል።

«ታዲያ በአገራችን ለምን እንዲህ አይሆንም?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ በቀኑ ርዝመት ላይ ነው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ በዋሽንግተን ግን ልዩነቱ ከ5 ሰዓት በላይ ነው። በእኛ አገር ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ቢኖርም በአብዛኛው የሚያራግፈው የበጋው ድርቀት ነው። ከዚህ የተነሣ አንዱ መጸው በሁለቱ አገር ሁለት መልክ አለው። እዚያ ዝናቡ አልፎ አደይ አበባ ሜዳውን የሚያለብስበት፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ዘመነ ጽጌ ብላ የምትዘምርበት ወቅት፣ እዚህ የመራገፍ ወቅት ነው። ከጫፉ ላይ አንድ የጽጌ ዝማሬ ሲዜም ከእኛ ጋር የነበሩ እንግዶች ሰዎች ስልካቸውን ወደ እኛ አዙረው ይቀርጹ ጀመር፤ ይህን አልወደድነውም፤ ግን ዝም አልናቸው።

እንግዲህ ወደ ወንዙ እንምጣ።

ከቀትር በኋላ 18 ሰዎች በ9 ካኑ ሆነን በሸናንዶአ ደቡባዊ ገባር ላይ ልንቀዝፍ ወረድን። ካኑ ሁለት ሰው የሚይዝ ጠባብና ቀላል ታንኳ ነው። ወንዙ እንደ ዓባያችን ወደ ሰሜን የሚፈስ ስለ ሆነ የአገሩ ሰዎች ወደ ደቡብ ሲሄዱ «ወደ ሸለቆው ላይ» ይላሉ። ውኃው ትናንት ባየናት በሃርፐርስ ፌሪ በኩል አልፎ ከፖቶማክ ጋር ይቀላቀላል፤ የዋሽንግተን የቧንቧ ውኃ የሚቀዳውም ከፖቶማክ ነው፤ ስለዚህ የምንቀዝፍበትን ውኃ ጥቂት ቆይተን እንጠጣዋለን እየተባለ ተቀለደ። ወንዙ በዚያ ክፍል የዋህ ነው። የዋህነቱ አዘናጋን።

ካኑውን ያከራየን ሰው ከመነሣታችን በፊት መመሪያ ሰጠን። የመንሳፈፊያው ጃኬት ሁሉም ማሰሪያው ተቈልፎ ይለበስ፤ በካኑ ውስጥ ማንም አይቁም፤ በወንዙ መታጠፊያ ላይ ውኃው ወደ ውጭኛው ዳር ስለሚገፋና የወደቀ ዛፍም የሚከማቸው እዚያው ስለ ሆነ አስቀድሞ ወደ ውስጠኛው ዳር ይቀዘፍ፤ ካኑው ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ ወደ ድንጋዩ እንጂ ከድንጋዩ ወዲያ አይዘንበል፤ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንሳፎ እግሩን ወደ ፊት ያንሣ እንጂ በሚፈጥነው ውኃ ውስጥ ሊቆም አይሞክር፤ እግር በድንጋይ መካከል ከተያዘ ውኃው ሰውን ይደፋልና። ይህን ሁሉ ተናግሮ መዋኘት የማይችል እንዳለ ጠየቀ። ከእኛም አንዱ «መዋኘት የማይችል አለ?» ብሎ በአማርኛ ደገመው። ማንም እጁን አላነሣም። እኛም ደስ ብሎን ተነሣን።

አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቀዘፍን በአንድ መታጠፊያ ላይ ግንዱ ነጣ ያለ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ግማሹ ውኃ ውስጥ ተዘርግቶ ነበር። ስድስቱ ካኑዎች በውስጠኛው ዳር አለፉ። በሰባተኛው ላይ ከመዘምራኑ አንዱ የሆነው፣ ከአገር ቤት ከመጣ ስምንት ወር የሆነው ወንድማችን ከፊት፣ እዚህ የተወለደ የ17 ዓመት ልጅ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ዘግይተው ስለ ቀዘፉ ውኃው ወደ ዛፉ ገፋቸው። ሰው ሁሉ በተፈጥሮው እንደሚያደርገው ሁለቱም ከዛፉ ሸሽተው ወደዚህ ዘነበሉ፤ ውኃው በጠርዙ ገባ፤ ካኑውም ተገለበጠ።

ወንድማችን ፎቶግራፍ ሊያነሣ ሲል የጃኬቱን የታችኛውን ማሰሪያ ፈትቶት ነበርና ጃኬቱ እስከ ጆሮው ድረስ ወጣበት። ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲነካ ትንፋሽ ይነጥቃል፤ እሱም መጮኽ አልቻለም። የውኃው ጥልቀት ከደረቱ ባይበልጥም ይህን ሊያውቅ አልቻለም፤ ሊቆም ሞከረ፤ አንድ እግሩም በድንጋዮቹ መካከል ገባ። ከኋላው የነበረው ልጅ ትምህርቱን አልረሳም፤ በጀርባው እንደ ተንሳፈፈ «እግርሽን አንሺ! እግርሽን አንሺ!» እያለ ይጮኽ ነበር። ወንድና ሴት መለየቱ በዚያ ሰዓት ከየት ይምጣ። ወንድማችን እግሩን ሳበ፤ ጫማው እዚያው ቀረ፤ እግሩ ወጣ። ከኋላ የመጡት ሁለት እኅቶች ወደ ውኃው አልዘለሉም፤ መቅዘፊያቸውን ዘርግተው አስያዙትና ወደ ጠጠሩ ዳር ጎተቱት። ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም።

በዳሩ ላይ ሲንቀጠቀጥ ልብሱ ጥጥ ስለ ነበር ውኃውን ይዞ ይብሱን አበረደው። ጋቢዎቻችን ሁሉ ከወንዙ ማብቂያ በቆሙት መኪናዎች ውስጥ ነበሩ፤ ስልክም በዚያ ሸለቆ አይሠራም። አንዱ የሱፍ ሹራቡን አውልቆ አለበሰው፤ በሌላ ካኑ መካከል ተቀምጦም የቀረውን መንገድ በአንድ ጫማ ጨረሰ።

መኪናው ዘንድ ደርሰን በጋቢ ተጠቅልሎ ሻይ ከያዘ በኋላ ከአዘጋጆቹ አንዱ «ምነው ወንድሜ፣ መዋኘት እንደማትችል ለምን አልነገርኸንም?» አለው። ነገሩ ወቀሳ ነበረበት። እሱም ጥቂት ዝም ብሎ «እኔን መቼ ጠየቃችሁኝ? ሁሉን ነው የጠየቃችሁት» አለ። በአገሩ በክረምት ወንዝ ማለት እናቶች ልጅን የሚያስጠነቅቁበት ነገር እንጂ የሚዋኙበት አለመሆኑን ነገረን። ሁሉም ዝም ሲል እሱ ብቻ እጁን ቢያነሣ ከእሱ የሚያንሱት ልጆች ፊት ምን ሊባል ነው? ይህን ሲናገር አንዲት እኅት «እኔም አልችልም» አለች። ከዚያ ሌላው ተናገረ። ሲቈጠር ከ18ቱ አምስቱ መዋኘት የማይችሉ ሆኑ። አንደኛው ሜሪላንድ የተወለደ ነው። አንደኛውም ይህን ጽሑፍ ከሚያዘጋጁት አንዱ ነው፤ «መዋኘት የማይችል አለ?» ብሎ በአማርኛ የደገመው እሱ ራሱ ነበር።

ይሉኝታችን በማዕድ ዙሪያ መልካም ነገር ሊሆን ይችላል። በወንዝ ዳር ግን ጥያቄው አጠያየቁን ካላወቀበት ሰውን ያሰምጣል። ጥያቄውን በሰው ሁሉ ፊት፣ ጃኬት ከተለበሰና ካኑ ውኃ ላይ ከወረደ በኋላ መጠየቅ፣ «አይደለም» እንዲባል ፈልጎ መጠየቅ ነው። ስለዚህ በዘንድሮው ጉዞ እያንዳንዱ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ለብቻው በስልክ ይጠየቃል፤ መዋኘት ይችል እንደ ሆነ፣ ለሕመሙ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ፣ ከፍታ ያስፈራው እንደ ሆነ። መልሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የማይዋኝ ሰው ከጉዞው አይቀርም፤ ከሚዋኝ ጋር ይጣመራል፤ አልፈልግም ካለም ከስንቁ ጋር በዳር የሚቆይ ስለማይጠፋ ብቻውን አይሆንም። ማሰሪያውን እያንዳንዱ የጓደኛውን ይፈትሻል። ደረቅ ልብስ ውኃ በማያስገባ ከረጢት በአንደኛው ካኑ ውስጥ ይጫናል። ጥጥ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሱፍ ለወንዝ።

ወንድማችን ከኅዳር ጀምሮ በሚኖርበት ሠፈር በሕዝብ መዋኛ ትምህርት ጀምሮ አሁን ርዝመቱን ሳያርፍ ይዋኛል። ያ የ17 ዓመት ልጅ ባገኘው ቁጥር «እግርሽን አንሺ» ይለዋል፤ አሁን ሆን ብሎ ነው። ለዘንድሮው ጉዞ ስልክ እየደወለ የሚጠይቀው ይኸው ወንድማችን ነው። እስከ ዛሬ ለ14 ሰዎች ደውሏል፤ ስድስቱ አንችልም ብለውታል።